ጤፍ በናሙና ይሸጣል፤ ሠራተኛውስ?

ቁይ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ ሻጩን በቃሉ ብቻ አያምነውም። እጁን ወደ ጆንያው ሥር ሰዶ ይዘግናል፣ አይቶም ዋጋ ይቆርጣል። የደባይ ጥላትግን ልጅ ለአስተዳደር ሥራ ተመዝግቦ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርስቲ ለቃለ መጠይቅ ቢቀርብ ነገሩ ያው ነው። ፈታኞቹ ገዢዎች ናቸው። የሚገዙት ችሎታ ግን ተዘግኖ አይታይም።

ኢኮኖሚስቶች ይህን የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት የትምህርት ማስረጃ ለማይታየው ችሎታ ምልክት ሆኖ እንደሚያገለግል አስረድቷል፤ በ2001ም ከሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ይሁንና ከበሩ ውጭ የተሰለፈው ሁሉ ዲግሪ ከያዘ ምልክቱ አይለይም። ቃለ መጠይቁ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለመሆኑ ምን ይዞ መግባት ያሻል? ለግዥ ባለሙያነት የሚወዳደር ወጣት እንውሰድ።

አንደኛ፣ ሕጉን ይወቅ። ለዓመታት የተሠራበት የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። በአሮጌው የሚመልስ ሰው የአምና ዋጋ ይዞ ገበያ እንደወጣ ነጋዴ ነው።

ሁለተኛ፣ ናሙና ያቅርብ። «ታታሪ ነኝ» ማለት «ጤፌ ማኛ ነው» እንደማለት ነው። የአጎቱን የእህል መጋዘን የጠበቀ ከሆነ ገቢና ወጪውን እንዴት ይመዘግብ እንደነበር፣ ቆጠራ ሲጎድል ምን እንዳደረገ በቁጥር ይናገር። ማጋነን ግን አያዋጣም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 አዲስ ሠራተኛ 6 ወር በሙከራ እንዲቆይ ደንግጎ ነበር። ጆንያው ከተገዛም በኋላ ይፈተሻል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በደመወዝ አይከራከር። የመንግሥት ደመወዝ በደረጃና በእርከን የተወሰነ ነው። ዋጋው ቁርጥ በሆነበት ገበያ ውድድሩ በጥራት ብቻ ይሆናል።

አራተኛ፣ «አጎትህ ጨረታ ቢገባስ?» ለሚል ጥያቄ ይዘጋጅ። «አላዳላም» በቂ መልስ አይደለም። «ዝምድናዬን በጽሑፍ አሳውቄ ከግምገማው እወጣለሁ» የሚለው ነው ሚዛን የሚደፋው።

ይህ ሁሉ ነጋዴውን ምን አገባው? ዩኒቨርስቲ ለተማሪዎቹ ቀለብ፣ ለቢሮዎቹ ዕቃ የሚገዛ ትልቅ ደንበኛ ነው። ዛሬ በአማላጅ የተቀጠረ ሠራተኛ ነገ የጨረታ ፖስታ ከሚከፍቱት አንዱ ሊሆን ይችላል። ለወንድሙ ልጅ «የውስጥ ሰው» የሚያፈላልግ ነጋዴ፣ የተፎካካሪው የወንድም ልጅም በዚያው በር ሊገባ እንደሚችል አብሮ ያስላ። ያን ጊዜ ዝቅተኛ ዋጋና ጥሩ ዕቃ አቅርቦ ጨረታውን የሚያጣው እሱው ራሱ ነው። ለልጁ ከአማላጅ ይልቅ የአዲሱን አዋጅ ቅጂ ቢገዛለት በብዙ ይረክስለታል።