ከፍርድ በፊት ስለ አእምሮው ይጠየቅ



በሸዋ ሮቢት ወይም በይፋት ቆላ ሰው ተገደለ እንበል። የሟች ወገን «አውቆ ነው የገደለው» ይላል፤ የገዳይ ቤተሰብ ደግሞ «ልጃችን ጤነኛ አይደለም» ይላል። በዚህ ጊዜ ሙስሊም ምን ይላል?

በዲናችን ተጠያቂነት ከዐቅል ጋር የተያያዘ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀለም ከተኛ፣ ካልደረሰ ሕፃንና ዐቅሉን ከሳተ ሰው ላይ መነሳቱን አስተምረውናል። ማዒዝ (ረ.ዐ) ዝሙት መፈጸሙን በገዛ አንደበቱ ሲናገር እንኳ፣ ከመፍረዳቸው በፊት እብደት እንዳለበት ጠይቀዋል።

የአገራችን ሕግም ይህንኑ ይጠይቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ላይ የሚመለከተው፣ ተከሳሹ ድርጊቱን ሲፈጽም የሚያደርገውን ይረዳና ራሱን ይገዛ እንደነበረ ነው። ስለዚህ «በሽተኛ ነው» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም። ችሎታው በከፊል የተጓደለ ከሆነ አንቀጽ 49 ቅጣቱን ያቀልለታል። ጥርጣሬ ሲኖር በአንቀጽ 51 መሠረት ፍርድ ቤቱ በልዩ አዋቂ እንዲመረመር ያዛል። ሐኪሙ የአእምሮውን ሁኔታ ይገልጻል፤ ፍርዱ ግን የዳኛው ነው።

የሟች ሐቅስ? ኃላፊ አይደለም የተባለ ሰው ዝም ብሎ ወደ ሰፈሩ አይለቀቅም፤ ፍርድ ቤቱ በተገቢ ተቋም እንዲቆይ ወይም እንዲታከም ሊያዝ ይችላል። በፊቅህም ዐቅሉን በሳተ ሰው ላይ ቂሷስ ባይኖርም፣ ዑለማዎች የሟች ቤተሰብ የዲያ መብት እንደማይቀር ይናገራሉ።

አሁን ወደ እኛ ድርሻ እንምጣ። እንዲህ ያለ ምርመራ ከሚደረግባቸው ቦታዎች ዋናው አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሐኪሙ ተከሳሹን የሚያገኘው ድርጊቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ያለፈውን ከቤተሰብና ከጎረቤት ይጠይቃል፦ መቼ ጀመረው? እንቅልፉ፣ ንግግሩ እንዴት ነበር? ታክሞ ያውቃል? ከገደለ በኋላ ሸሸ? ደበቀ?

እዚህ ላይ ቤተሰብ ለማዳን ሕመም የፈጠረ፣ ወይም በቂም ያየውን ሕመም የሸሸገ ሰው የሐሰት ምስክር ሆኗል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 135 በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ ለፍትሕ እንድንቆም አዞናል።

ከሁሉ በፊት ግን ሕመምተኛውን ደም ሳይፈስ እናሳክመው። ሩቅያ እየተቀራለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ወላሁ አዕለም።