ጠጉር ካስተከሉ በኋላ፤ ስለ ራስ ቆዳና ስለ ጠባሳ አያያዝ

በደማምና በኮበር በምንኖረው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ጠጉር ማስተከል የባለጸጋ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። አንዳንዱ እዚሁ ከተማ ካሉት የግል ክሊኒኮች በአንዱ፣ አንዳንዱም የዕረፍት ጊዜውን ጠብቆ ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ ያስተክልና ራሱን በፋሻ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ገንዘቡ ለዓመታት የተጠራቀመ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ግን የሚፈጀው አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የባለቤቱ ይሆናል። የሕክምና ተማሪዎች በመሆናችን ጥያቄው በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ዓላማችን የሐኪምን ትእዛዝ ለመተካት አይደለም። ትእዛዙ ለምን እንደሚሰጥና በእኛ ጠጉርና ቆዳ ላይ የሚለየው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሕክምና የመላጣ ማስዋቢያ አድርጎ ብቻ ያየዋል። አጀማመሩ ግን ከጠባሳ ጋር የተያያዘ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ጽሑፍ ጠጉር ያለውን ቆዳ በትናንሽ ክብ መቁረጫ እያወጣ በጠባሳ ምክንያት ጠጉር ባጣ ቦታ ላይ እንደተከለ ገለጸ። ወዲያው ጦርነቱ ስለተነሣ ሥራው ከጃፓን ውጭ ሳይታወቅ ቆየ። የኒው ዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ በ1959 ስለዚሁ ሕክምና ካሳተመ በኋላ ነው በሌላው ዓለም የተስፋፋው። ይህን ያነሣነው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። በልጅነቱ ቆረቆር ይዞት ራሱ ያመረቀዘ፣ በእሳት የተቃጠለ፣ ሹሩባ እየተጠበቀባት ግንባሯ የሳሳ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ለእነዚህ ወገኖች ጠባሳው ከኦፕራሲዮኑም በፊት የነበረ ነው። በጠባሳ ላይ የሚተከል ጠጉር ደግሞ ደም እንደልብ ስለማይደርሰው ከሌላው ያነሰ ይጸድቃል።

ዛሬ የሚሠራባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ከማጅራት በላይ ካለው ቦታ ረዘም ያለ የቆዳ ስንጥር ተቆርጦ ይወጣና ቦታው ይሰፋል፤ የሚቀረው ጠባሳ እንደ መስመር የተሰመረ ነው። በሁለተኛው ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ክብ መቁረጫ የጠጉር ሥሮች አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ይህኛው «ጠባሳ የለውም» እየተባለ ይሸጣል። ጠባሳስ አለው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነጫጭ ነጠብጣቦችን ይተዋል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጎልተው ይታያሉ። ስለዚህ ጠጉሩን ዜሮ መቆረጥ የለመደ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

የእኛ ጠምዛዛ ጠጉር ከቆዳው በላይ ብቻ ሳይሆን ከቆዳው ሥርም እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ቀጥ ያለ ጠጉር ብቻ ማውጣት የለመደ እጅ ሥሩን መሃል ለመሃል ሊቆርጠው ይችላል። ጥቅምም አለው፤ ጠምዛዛ ጠጉር ቦታ ስለሚሸፍን በጥቂት ችግኝ ብዙ ይታያል። ለክሊኒክ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት «እንደ እኛ ዓይነት ጠጉር ሠርታችሁ ታውቃላችሁ ወይ? ከዓመት በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ አሳዩን» ብለን መጠየቅ መብታችን ነው። የቆዳችንን ጠባይ ደግሞ ከራሳችን ገላ ማንበብ እንችላለን። የክንዳችን የክትባት ጠባሳ፣ የጆሮ ብሳት፣ ደረት ላይ የወጣ ብጉር ከቦታው አልፎ አብጦ ከሆነ ኬሎይድ የማብቀል ዝንባሌ አለንና ለሐኪሙ ሳይጠይቀን እንንገረው።

ከሁሉም የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት ናቸው። የተተከለው ሥር ከአዲሱ ቦታ ጋር እስኪያያዝ በጥፍር ብንነካው እንኳ ሊነቀል ይችላል። በዚህ ጊዜ ትራስ ከፍ አድርጎ በጀርባ መተኛት፣ ሐኪሙ የሰጠውን የጨው ውሃ መርጨት፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እንደታዘዘው ማጠብ ያስፈልጋል። የሻምፖው አረፋ በእጅ መዳፍ ይቀመጥበታል እንጂ አይታሽም። እዚህ ላይ የምሥራቁ ክፍለ ሀገር ኗሪ ብቻ የሚያውቀው ችግር አለ። በበጋ ጣራ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲግል ውሎ «ቀዝቃዛ» ከሚባለው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ያቃጥላል። ስለዚህ ውሃውን ማታ በንጹሕ ባልዲ ቀድቶ፣ ከድኖ፣ ቤት ውስጥ ማሳደርና ጧት ለብ ሲል በኩባያ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይሻላል። ከሻወሩ ሥር መቆም አይገባም። ቅርፊቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይረግፋል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ግንባርና የዓይን ዙሪያ ቢያብጥ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ፈሳሹ ወደ ታች መውረዱ ነው። የሚሰግዱ ወንድሞቻችን ግንባር መሬት የሚነካበትን ስግደት በእነዚህ ቀናት ወንበር ላይ ሆነው መፈጸም ይችሉ እንደሆነ የሚያውቁትን ይጠይቁ። ዑምራ ያሰበም ቀኑን ያስላ፤ ከመላጨት ይልቅ ጠጉር ማሳጠርም የተፈቀደ ነውና ምላጭ አዲሱን ቆዳ እንዲነካው አያስፈልግም።

ስንጥር ቆዳ የተቆረጠለት ሰው ስፌቱ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ገደማ ይወጣለታል። ቁስሉ ተዘጋ ማለት ግን ጠነከረ ማለት አይደለም። ከባድ ዕቃ ማንሣትና አንገትን አጥብቆ ማጎንበስ ጠባሳውን እያሰፋ ስለሚሄድ ለአንድ ወር ተኩል ያህል መታገሥ ይሻላል። በሥራ ቦታ የብረት ቆብ የሚያደርጉ ወገኖቻችን ፈቃዳቸውን ከዚህ ጋር አያይዘው ቢወስዱ መልካም ነው። በአገሩ ሕግ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆች አቆጣጠር ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ላይ መሥራት የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን በቀሪዎቹ ሰዓቶችም ፀሐይዋ አዲሱን ጠባሳ ታጠቁረዋለች። ስለዚህ ለወራት ሰፋ ያለ የጥጥ ኮፍያ ማድረግ ያስፈልጋል። የሸማል ንፋስ አቧራ ሲያነሣ፣ ሀፍ ሙን ባሕር ዳርቻ ወዳጅ ለዋና ሲጋብዝ ለአንድ ወር «አይሆንም» ማለት ነው። ሲጋራና ሺሻም የደም ሥር ያጠባሉ፤ ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ የሚያጨስ ሰው ዘርቶ ውሃ እንደሚከለክል ገበሬ ነው።

ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት የተተከለው ጠጉር ይረግፋል። ብዙዎች ተታለልን ብለው የሚያዝኑት ያኔ ነው። የረገፈው ጠጉሩ ነው፤ ሥሩ ውስጥ አለ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ብቅ ይላል፤ ውጤቱ የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ነው። ሲበቅል ትናንሽ ብጉሮች ቢወጡ ለብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ መተኮስ እንጂ ማፍረጥ አይገባም።

ጠባሳው ካበጠስ? በቁስሉ ወሰን ውስጥ ብቻ ካበጠ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ወሰኑን አልፎ ጤናማውን ቆዳ እየወረሰ፣ እያሳከከና እየጠዘጠዘ ከሄደ ኬሎይድ ነው፤ ይህም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በራስ አናት ላይ እምብዛም አይታይም፤ ማጅራት ላይ ግን ይብሳል። ቁስሉ ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ቅባት ለወራት በየቀኑ መቀባት ይረዳል (የሲሊኮኑ ፕላስተር ጠጉር ላይ አይጣበቅም)። ካልበቃ ሐኪሙ ትራያምሲኖሎን የተባለ መድኃኒት በየጥቂት ሳምንቱ ጠባሳው ውስጥ ይወጋል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቦታውን ሊያነጣው እንደሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መተው ግን ብዙ ጊዜ ይባስ አድርጎ ይመልሰዋል።

ከቤት የሚመጣው መድኃኒት ሌላው ጣጣ ነው። ለጋ ቅቤ ለደህና ራስ ምንም አይደል፤ ለተከፈተ ቁስል ግን አይሆንም። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል። የጥቁር አዝሙድ ዘይትም ቁስሉ እስኪድን ይቆይ። ራስን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ ዋግምት ማድረግ፣ እዚህ አገር ሒጃማ የሚሉት፣ በተተከለ ቆዳ ላይ አዲስ ጠባሳ መጨመር ነው።

ለእኅቶቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ሹሩባ ሲጠብቅ የሚሳሳው የግንባር ዳር ጠጉር በጊዜው ከተፈታ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል። አስተክሎ መልሶ አጥብቆ መሠራት ያንኑ ጉዳት መድገም ነው። ከአናት ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያሳክክና የሚያቃጥል መሳሳት ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታው ሳይበርድ የተተከለው ጠጉር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ እዚህ የሚኖር በኮበሩ የኪንግ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በሌላ ትልቅ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል፣ ወደ አገር የሚገባም በ1965 በተቋቋመው በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ሊታይ ይችላል።

ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ ትኩሳት ከተነሣ፣ የተተከለበት ቆዳ ከጠቆረና ከሞተ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን መታየት ነው። በስልክ ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር 937 ቁጥር ሌሊትም ይሠራል። ከውጭ አገር ተሠርታችሁ የምትመለሱ ከክሊኒኩ ሳትወጡ በየትኛው መንገድ እንደተሠራ፣ ስንት ችግኝ እንደተተከለ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጣችሁ በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ያዙ፤ እዚህ የሚቀበላችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው።