የጋራ ሥራና የሠሪው ስም

ምንባብ

የጥንት የብራና ጸሐፊዎች አንድ መጽሐፍ ጽፈው ሲጨርሱ፣ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ የራሳቸውንና ያስጻፋቸውን ሰው ስም አስፍረው አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስባቸው ይማጸኑ ነበር። በዚህም የደረሰው ሌላ፣ የገለበጠው ሌላ፣ ያስጻፈውም ሌላ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ይኸው ጉዳይ ዛሬ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራም ይነሣል።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ፕሮግራም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ግልጽ ሆኖ፣ በፈቃዱ የተመለከተውን ግዴታ የተቀበለ ሁሉ ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው የሚችል ነው። ለዚህም ኦፕን ኤም.አር.ኤስ. የተባለው የሕክምና መዝገብ ፕሮግራም ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር የታሰበው በምዕራብ ኬንያ ለሚሰጠው የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ነበር። በኡጋንዳ ርእሰ ከተማ በካምፓላም፣ በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ሥር ያሉ ባለሙያዎች ከጤና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር፣ በዚሁ መሠረት ላይ ኡጋንዳ ኢ.ኤም.አር. የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጅተዋል።

እንዲህ ባለው የብዙ እጆች ሥራ ውስጥ ደራሲነትና የቅጂ መብት ባለቤትነት ተለይተው መታወቅ አለባቸው። ኮዱን አስቦ የጻፈው ሰው ደራሲ ነው። ይሁን እንጂ ደራሲው ተቀጣሪ እንደሆነና በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በሥራው የመጠቀም መብት የአሠሪው ይሆናል። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ እንዲሁም በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥሩታል። በአዋጃችን መሠረት፣ የኢኮኖሚ መብቱ የሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ደራሲው ደራሲነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት አለው።

በኦፕን ኤም.አር.ኤስ. ፋይሎች አናት ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ የፈቃዱን ዓይነትና የባለመብቱን ድርጅት ስም ይገልጻል። እያንዳንዱን መስመር ማን እንደ ጻፈው የሚያሳየው ግን የለውጥ መዝገቡ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠረው ጊት የተባለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ስም ይይዛል፤ አንዱ የጻፈው፣ ሌላው በመዝገቡ ያስገባው ሰው ስም ነው።

እንግዲህ አንዲት የካምፓላ ወጣት በመድኃኒት መጠን ስሌት ላይ ያገኘችውን ስሕተት አርማ ለባልደረባዋ ሰጠችው፤ እርሱም በራሱ ስም አስገባው እንበል። ፕሮግራሙ በደኅና ይሠራል፤ ሕሙማኑም ይጠቀማሉ። መዝገቡ ግን ሐሰት ይናገራል። ወጣቷ ሥራ ስትፈልግ የምታቀርበው ማስረጃ አይኖራትም። ከዓመታት በኋላ የእርማቱን ምክንያት ሊጠይቅ የፈለገ ባለሙያም ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል። ፈቃዱን ለመለወጥ ቢታሰብ ደግሞ ማንን ማስፈቀድ እንደሚገባ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የጋራ ሥራ ማለት ሠሪው የማይታወቅ ሥራ ማለት አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
ሀ. በደራሲነትና በቅጂ መብት ባለቤትነት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ. ጊት የሚይዛቸው ሁለት ስሞች ከብራና መጻሕፍት ልማድ ጋር በምን ይመሳሰላሉ?
ሐ. ባልደረባዋ የወጣቷን ስም ለማስመዝገብ ምን ማድረግ ነበረበት?

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ ፍቱ፤ በዐረፍተ ነገርም አስገቡ።
ይማጸኑ፣ ግዴታ፣ አናት፣ ማስፈቀድ

መልመጃ ሦስት፦ በክፍላችሁ በጋራ የሠራችሁትን አንድ ሥራ መርጣችሁ፣ የእያንዳንዱን ተማሪ ድርሻ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጻፉ።