ተደጋግመው በሚያገለግሉ የድረ ገጽ ኮምፖነንቶች ውስጥ የኢንተር ቁልፍ አያያዝ፤ ከአማርኛ አጻጻፍ አንጻር

በደምቢያ በምትገኘው በኮላ ድባም ሆነ በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች የጤና መረጃ ለረጅም ዘመን በወረቀት መዝገብ ሲሰበሰብ ኖሯል። ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውንና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚበለጽገውን የድረ ገጽ ሥርዓት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሏል። ከዚያ ወዲህ ወርኃዊው ሪፖርት የሚሞላው በቁልፍ ሰሌዳ ነው። በርካታ ቁጥሮችን በተከታታይ የሚያስገባ ባለሙያ እጁን ከሰሌዳው ሳያነሣ መሥራትን ይመርጣል፤ ስለዚህ የአንዲት ቁልፍ ጠባይ የሥራውን ፍጥነትም ትክክለኛነትም ይነካል።

በዲኤችአይኤስ 2 የሪፖርት ሠንጠረዥ ላይ ኢንተር ሲጫኑ ቅጹ አይላክም፤ ጠቋሚው ወደሚቀጥለው ሕዋስ ይሄዳል፣ የተጻፈውም ቁጥር እዚያው ይቀመጣል። በፍለጋ ወይም በምዝገባ ቅጽ ላይ ግን ተጠቃሚው ከዚያችው ቁልፍ የሚጠብቀው ቅጹን እንድትልክለት ነው። አንድ የመጻፊያ ሳጥን ኮምፖነንት በሁለቱም ገጾች የሚያገለግል ከሆነ «ኢንተር ማለት መላክ ነው» የሚል ውሳኔ በውስጡ መቀበር የለበትም። ውሳኔው የቅጹ ነው፤ የኮምፖነንቱ ድርሻ ጥያቄውን በትክክል ማድረስ ብቻ ነው።

ኮምፖነንት በሌለበት ተራ ቅጽ ይህን ሥራ ብራውዘሩ ራሱ ይሠራል። በኤችቲኤምኤል ደረጃ መሠረት በመጻፊያ ሳጥን ውስጥ ኢንተር ሲጫን የቅጹ የመጀመሪያ የመላኪያ አዝራር እንደተጫነ ይቆጠራል። ያ አዝራር የታገደ ከሆነ ቅጹ አይላክም። አዝራር ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ቅጹ የሚላከው አንድ የመጻፊያ ሳጥን ብቻ ሲኖረው ነው። ብዙ አልሚዎች ይህን የመጨረሻ ደንብ የሚያውቁት ሁለተኛ ሳጥን ጨምረው ኢንተር ድንገት መሥራት ሲያቆምባቸው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሳጥኑ በሻዶው ዶም ውስጥ ሲገባ ነው። ሻዶው ዶም የኮምፖነንቱን ውስጣዊ አካል ከገጹ የሚለይ አጥር ስለሆነ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ቅጽ በውስጡ ያለውን ሳጥን የራሱ አድርጎ አይቆጥረውም። እሴቱ ከቅጹ ጋር አይላክም፤ ኢንተርም ምላሽ አያገኝም። ለዚህ የተበጀው መፍትሔ ኤለመንት ኢንተርናልስ ሲሆን፣ በክሮም 77፣ በፋየርፎክስ 98 እና በሳፋሪ 16.4 ሥራ ላይ ውሏል። ኮምፖነንቱ በዚህ አማካይነት እሴቱን ለቅጹ ያስረክባል፣ የትኛው ቅጽ እንደያዘውም ያውቃል። ሆኖም የኢንተርን ጠባይ በዚሁ አያገኝም፤ ያንን አልሚው ራሱ መጻፍ አለበት።

በዚህ ረገድ የተለመደው አቋራጭ የቅጹን «ሰብሚት» ተግባር በቀጥታ መጥራት ነው። ይህ ተግባር የቅጹን ማረጋገጫ ይዘላል፣ የመላክ ክስተትንም አያስነሣም፤ ስለዚህ ዕድሜው ወይም የካርድ ቁጥሩ ያልተሞላ ታካሚ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊመዘገብ ይችላል። «ሪኩዌስት ሰብሚት» ሁለቱንም ይጠብቃል። ከዚህም የተሻለው የብራውዘሩን ደንብ መከተል ነው፦ የቅጹን የመጀመሪያ የመላኪያ አዝራር ፈልጎ፣ ካልታገደ እርሱን መጫን። ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ የሚደጋገመውን ክስተት መተውም ያስፈልጋል፤ መስመሩ ቀርፋፋ በሆነበት ቦታ አንድ ታካሚ ሁለት ጊዜ እንዲመዘገብ ምክንያት ይሆናልና።

አማርኛ ሲጻፍ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። በድምፅ ላይ በተመሠረቱ የአጻጻፍ ስልቶች የተናባቢው ቁልፍ ሲጫን በመጀመሪያ ሳድሱ ይታያል፤ ቀጥሎ የአናባቢው ቁልፍ ወደ ግዕዝ፣ ካዕብ ወይም ሌላ ሆሄ ይለውጠዋል። ከእነዚህ ስልቶች አንዳንዶቹ ሆሄው እስኪጸና ድረስ በቅንብር ላይ ያቆዩታል። እንግዲህ በሳድስ የሚያልቅ ስም፣ ለምሳሌ ዳዊት ወይም አበበች፣ ተጽፎ ሲያበቃ የመጨረሻው ሆሄ ገና አናባቢ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅጽበት ኢንተር ሲጫን ተጠቃሚው ሆሄውን ማጽናቱ ይሁን ቅጹን መላኩ ከቁልፉ ስም ብቻ አይታወቅም። ኮምፖነንቱ ቸኩሎ ከላከ ስሙ የመጨረሻ ሆሄውን አጥቶ መዝገብ ሊገባ ይችላል፤ «ዳዊ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮው በሙሉ ስሙ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ለዚህ የቁልፍ ክስተቱ «ኢዝ ኮምፖዚንግ» የተባለ ባሕርይ አለው፤ እሴቱ እውነት ከሆነ ኮምፖነንቱ ምንም ማድረግ የለበትም። ሳፋሪ ግን የቅንብሩን ማብቂያ ከቁልፉ ክስተት አስቀድሞ ስለሚያሳውቅ ባሕርዩ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። እዚያ የሚያገለግለው የቁልፍ ኮድ 229 መሆኑን ማየት ነው፤ ኮዱ ያረጀ ተብሎ ቢመደብም ሁለቱን ፍተሻዎች አብሮ መጻፍ ግድ ነው። ሆሄውን በቀጥታ በሳጥኑ ውስጥ እየተኩ የሚሠሩ ስልቶች የቅንብር ክስተት ስለማያስነሡ፣ አልሚው በእነርሱ ብቻ ሞክሮ ጉድለቱን ላያየው ይችላል። ፍተሻው ቢያንስ አንድ በቅንብር የሚሠራ ስልትንና በሳድስ የሚያልቁ ስሞችን ማካተት ይኖርበታል።

የቅደም ተከተል ነገርም አለ። በኮምፖነንቱ ውስጥ ያለው አድማጭ ከገጹ አድማጭ ቀድሞ ስለሚሠራ፣ ገጹ ኢንተርን ወደሚቀጥለው ሕዋስ ለመሄድ ሲፈልገው ክልከላው ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ኮምፖነንቱ ከመላኩ በፊት ሊሰረዝ የሚችል የራሱን ክስተት ማሰማት፣ ገጹ ከሰረዘውም መተው አለበት። ብዙ መስመር በሚጻፍበት ሳጥን ኢንተር አዲስ መስመር መክፈቻ ሆኖ እንዲቀር መደረጉ ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የሻዶው ዶም ዋጋ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ኮምፖነንቱ በአንድ ተቋም ገጾች ውስጥ ብቻ የሚያገለግልና የስታይል መደባለቅ የማያሰጋው ከሆነ፣ ሳጥኑን ከአጥሩ ውጭ በገጹ አካል ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ኢንተርንና የቅጹን ማረጋገጫ ብራውዘሩ ራሱ ያከናውናል፣ አልሚው ኢንተርን የሚያዳምጥ ኮድ ካልጨመረም ስለ ቅንብሩ የተለየ ፍተሻ መጻፍ አይጠበቅበትም።