ስለ ብል ቤተ ሰብ፤ ልዩ ልዩነቱና አከፋፈሉ
ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ደጋ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የበግ ጠጉር ከእህልና ከከብት ጋር የሚቆጠር ሀብት ነው። የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስተኛ፣ ላቱ አጭር፣ ጠጉሩም ሻካራ ስለ ሆነ ለቀጭን ልብስ አይመችም፤ ነገር ግን ባናው፣ ዝተቱና በርኖሱ የሚሠራው ከዚሁ ጠጉር ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የተቀመጠች ናት። ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት በዚህ አገር ባና ጌጥ ሳይሆን የነፍስ መጠበቂያ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ብዙ ድካም የፈሰሰበትን ልብስ፣ ክብደቱ ከገለባ ብናኝ የማይበልጥ ተባይ በጨለማ ተቀምጦ ያጠፋዋል። ስሙም ብል ነው።

የብልን ስም የማያውቅ የለም፤ በወንጌልም ተጠርቷል። ሕዝቡ ግን ልብስ የሚበላውን ብል፣ እህል የሚበላውን ነቀዝ፣ በሌሊት መብራት የሚዞረውን የእሳት ራት እያለ የሚለየው በሥራቸው እንጂ በትውልዳቸው አይደለም። ስለዚህ አንድ ትውልድ የሆኑት በስም ተለያይተው፣ ልዩ ልዩ የሆኑትም በአንድ ስም ተጠርተው ይገኛሉ። ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም፤ ተባዩን ያላወቀ ሰው መድኃኒቱንም ያሳስታል። ለእህል ጎተራ የተሠራውን የነቀዝ ክኒን የልብስ ሣጥን ውስጥ ያኖረ ሰው ብሉን አጠፋለሁ ሲል ቤተ ሰቡን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የብልን ወገኖች ለይቶ ማወቅ ለሹምም ለባላገርም ይጠቅማል።

የአከፋፈሉ ሥርዓት

የተፈጥሮ ሊቃውንት እንስሳትን በነገድ፣ በቤተ ሰብ፣ በወገንና በዓይነት ይከፍላሉ። ቢራቢሮና የእሳት ራት ሁሉ ሌፒዶፕቴራ ከሚባለው ነገድ ናቸው፤ ትርጓሜውም ባለ ቅርፊት ክንፍ ማለት ነው። ክንፋቸው ሲነካ በጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት እጅግ ጥቃቅን ቅርፊት ነው። ከዚህ ነገድ እስካሁን ስም የተሰጣቸው ዓይነቶች ከ150,000 በላይ ናቸው።

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1758 ባወጣው መጽሐፍ ጥቃቅኖቹን የእሳት ራቶች ቲኔያ ብሎ ጠራቸው፤ ይህም በላቲን ቋንቋ ብል ማለት ነው። በ1810 የፈረንሳዩ ሊቅ ላትሬይ ብሎችን ለብቻቸው ለይቶ ቲኒዴ የሚባለውን ቤተ ሰብ መሠረተ። ዛሬ በዚህ ቤተ ሰብ ከ2,000 በላይ ዓይነቶች ይታወቃሉ። በኋላ ዘመን የዘር ውርስ በምርመራ ሲነጻጸር፣ ይህ ቤተ ሰብ ከነገዱ ታላቅ ግንድ አስቀድመው ከተለዩት ጥንታውያን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑ ታውቋል።

የአፍሪቃን ብሎች የሚመለከተው ዋና መጽሐፍ ጎዝማኒ በተባለ የሃንጋሪ ሊቅና በደቡብ አፍሪቃ ይሠራ በነበረው በቫሪ ተጽፎ በ1973 ታተመ። በርእሱ ላይ «የኢትዮጵያ ክልል» የሚል ቃል ይገኛል። አንባቢ ግን ይህን ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት ግዛት ብቻ የተነገረ እንዳያደርገው ይገባል፤ የእንስሳት ሊቃውንት በዚህ ስም ሲጠሩ የቆዩት ከሰሐራ በረሐ በታች ያለውን አፍሪቃ በሙሉ ነው።

የቤተ ሰቡ መታወቂያ

የዚህ ቤተ ሰብ ተወላጅ በአብዛኛው ትንሽ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክንፉ ጠባብ ሲሆን በጠርዙ ረዥም ዘርፍ አለው። በራሱ ላይ የቆመ፣ እንዳልተበጠረ ጠጉር የተንጨባረረ ቅርፊት አለ፤ ከሌሎች ጥቃቅን የእሳት ራቶች ለመለየት ይህ ምልክት ብዙ ይረዳል። የአበባ ማር የሚመጠጥበት የአፍ ቱቦ ወይም እጅግ ያጠረ ነው ወይም ከቶ የለም።

ከዚህ አንድ ታላቅ ነገር ይከተላል። ክንፍ ያወጣው የልብስ ብል ምንም አይበላም፤ ልብሱን የሚበላው ከእንቁላል የሚወጣው ትል ነው። በቤት ውስጥ ሲበር የታየውን ብል በእጅ አጨብጭቦ መግደል ደስ ቢያሰኝም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ በሣጥን ውስጥ ተፈጽሞ ይሆናል። ደግሞም የልብስ ብል ብርሃን ይሸሻል፤ ባና ሲገለጥ ወደ እጥፋቱ ሮጦ ይገባል እንጂ ወደ መብራት አይሄድም። ስለዚህ ማታ በኩራዝና በአምፑል ዙሪያ የሚዞሩት አብዛኞቹ ከሌላ ቤተ ሰብ የሆኑ፣ ልብስ የማይነኩ ናቸው።

በምግባቸው ሲከፈሉ

የቤተ ሰቡ ትሎች፣ ከሌሎች የእሳት ራቶች ትሎች እንደሚታየው፣ በለመለመ ቅጠል የሚኖሩ አይደሉም። አንደኛው ክፍል ጠጉር፣ ላባ፣ ቀንድና ሰኮና ይበላል። ሁለተኛው ክፍል በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚወጣውን እንጉዳይና ሻጋታ ይበላል። ሦስተኛው ክፍል በዛፍ ቅርፊትና በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት እንዲሁም የደረቀ ቅጠልና ጥራጊ ይበላል። ለደጋው ባላገር የሚያሳስበው አንደኛው ክፍል ነው።

ጠጉር፣ ላባና ቀንድ የተሠሩበት ነገር ኬራቲን ይባላል፤ ድኝ ስላለበት በጽኑ የተሳሰረ ነው፤ ብዙ እንስሳ ቢበላው ሳይፈጨው ያልፋል። የልብስ ብል ትል ግን ይህን እስራት የሚፈታ ሆድ አለው። ይህ ችሎታ በዱር ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ጥብቅ ስፍራ ቀይ ቀበሮ አይጥ በልቶ የሚጥለው ኩስ ጠጉር የሞላበት ነው፤ የሞተ እንስሳ ጠጉርና ከወፍ ጎጆ የሚወድቀው ላባም በሜዳ ይቀራል። የዚህ ክፍል ትሎች በተፈጥሮ የሚኖሩት እንዲህ ያለውን እየበሉ ምድርን በማጽዳት ነው። ሰው የበግ ጠጉር ፈትሎ፣ ሸምኖ በጨለማ ሣጥን ሲያከማች ግን ሳያውቅ ማዕድ አዘጋጀላቸው።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች

1ኛ፤ ድር የሚሠራው የልብስ ብል (ቲኔዎላ ቢሴሊዬላ)። ክንፉ ነጠብጣብ የሌለው፣ እንደ ደረቀ ገለባ ወርቅማ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ራሱ ወደ ቀይ ያደላል። ትሉ ነጭ፣ ራሱ ቡናማ ነው። በበላበት ቦታ የሐር ድር ይተዋል፤ ኩሱም የጨርቁን ቀለም ይይዛል። ደረቅ ቤት ስለሚችል በዓለም ሁሉ ልብስን ከሚያጠፉት ዋነኛው ነው።

2ኛ፤ ቤቱን ተሸካሚው የልብስ ብል (ቲኔያ ፔሊዮኔላ)። ክንፉ አመድማ ቡናማ ሲሆን ጥቂት ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። ትሉ ከሐርና ከበላው ጠጉር ከረጢት ሠርቶ፣ ራሱንና የፊት እግሮቹን ብቻ እያወጣ፣ ከረጢቱን እየጎተተ ይሄዳል። ጥቁር በርኖስ የበላ እንደ ሆነ ከረጢቱ ጥቁር፣ ነጭ ባና የበላ እንደ ሆነ ነጭ ይሆናል። እርጥበት ይወዳል።

3ኛ፤ የምንጣፍ ብል (ትሪኮፋጋ ታፔትዜላ)። ከሁለቱ ይበልጣል፤ የክንፉ ሥር ጥቁር፣ የቀረው ነጣ ያለ ነው። ትሉ በወፍራም ነገር ውስጥ የሐር ዋሻ እየሠራ ያልፋል። እርጥበት ባለበትና እሳት በማይነድበት ጎጆ የተቀመጠ ዝተት፣ አጎዛና ግላስ ለእርሱ የተመቸ ነው።

4ኛ፤ የቀንድ ብል (ሴራቶፋጋ ቫስቴላ)። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ ይገኛል። ትሉ የሞተ ከብትና የዱር እንስሳ ቀንድና ሰኮና ይበላል፤ ከተጣለ ቀንድ ላይ እንደ ጣት የሚወጡት ቧንቧዎች የእርሱ ሥራ ናቸው። የከብት በሽታ ምልክት ስላይደሉ ማንንም ሊያስደነግጡ አይገባም።

ከሌላው ጋር እንዳይሳሳት

ከዚሁ ቤተ ሰብ ኔማፖጎን ግራኔላ የሚባለው፣ ከእንጉዳይ በላተኞቹ ወገን ሆኖ፣ በተከማቸ እህል ላይ ይገኛል፤ ፍሬውን በሐር እያጣበቀ ይበላል። በጎተራ የሚታወቀው ሌላው የእህል ራት (ሲቶትሮጋ ሴሬያሌላ) ግን ገሌኪዴ ከሚባል ከሌላ ቤተ ሰብ ነው። ራሱ የለሰለሰ፣ የኋላ ክንፉ ጫፍ እንደ ጣት የሾለ ነው፤ ትሉም በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ያድግና ክብ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል። ይህ ከጀማና ከወንጭት ሸለቆ በሚመጣ በቆሎና ማሽላ ላይ ሲታይ ሕዝቡ ነቀዝ ይለዋል፤ እውነተኛው ነቀዝ ግን ጥንዚዛ ነው።

በቆዳና በአጎዛ ላይ ጠጉራም ትልና የተገፈፈ ልብሱ ቢገኝ፣ ድርም ባይኖር፣ ጥፋቱ የቆዳ ጥንዚዛ ነው። ጋቢና ኩታ ከጥጥ ስለሚሠሩ ለብል ትል ምግብ አይሆኑም፤ ጠጉር የተቀላቀለበት ወይም እጅግ ያደፈ ካልሆነ በቀር ጥጥ ተበልቶ ሲገኝ ሌላ ተባይ ወይም አይጥ መፈለግ ይገባል።

ስለ ዕድገቱና ስለ አየሩ

ሴቲቱ ከ40 እስከ 50 የሚሆን እንቁላል በጠጉሩ መካከል ትጥላለች። ሙቀት ባለበት ቤት እንቁላሉ በጥቂት ቀን ይፈለፈላል፤ በቀዝቃዛ ቤት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። የትሉ ዘመን ደግሞ በሙቀት ሁለት ወይም ሦስት ወር ሲሆን፣ በብርድ ከዓመት ያልፋል። ስለዚህ በመርሐ ቤቴ ቆላ አፋፍ ብል ቶሎ ይራባል፤ በመንዝ ደጋ ቀስ ይላል። ነገር ግን የደጋው ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። በቅዝቃዜ ለመግደል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሆኖ አንድ ሳምንት ያህል መቆየት አለበት፤ የአንድ ሌሊት ውርጭ ይህን አያደርግም። የምድጃ እሳት በሚነድበት ቤት ደግሞ የሣጥኑ ውስጥ ከውጭው አየር ይልቅ ይሞቃል።

ትሉ ንጹሕ ጠጉር ብቻውን ቢሰጠው በደንብ አያድግም፤ የሚያፋፋው ላብ፣ ሽንትና የምግብ ፍርፋሪ ነው። ሳይታጠብ የተቀመጠ ባና ከታጠበው ይልቅ የሚበላው ስለዚህ ነው። ተሸልቶ ከነእድፉ በጆንያ የተከማቸ ጠጉርም እንዲሁ የብል መራቢያ ይሆናል።

ሹማምንት ለሕዝቡ የሚያስተምሩት

አንደኛ፤ የተሸለተ ጠጉር ታጥቦና ደርቆ ይቀመጥ። ያደፈ ጠጉር ከተሠራ ልብስ ጋር በአንድ ቤት አይከማች።

ሁለተኛ፤ ባናና በርኖስ በበጋ በየሦስት ሳምንቱ በፀሐይ ይሰጣ፤ ሁለቱም ገጽ ተገልብጦ ይመታ፤ ስፌቱና እጥፋቱ በብሩሽ ይጠረግ። ይህ እንቁላሉን ያራግፋል፤ ብርሃን የሚጠላውንም ትል ያስወጣል። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ደርሶ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከገባ እንቁላሉም ትሉም ይሞታል።

ሦስተኛ፤ የጸዳው ልብስ በደንብ በሚዘጋ ሣጥን ወይም ቀዳዳ በሌለው ላስቲክ ይታሰር። ጭቁኝና አሪቲ ለሽታቸው ቢጨመሩ አይከለከልም፤ ትሉን ያጠፉታል ብሎ መታመን ግን አይገባም። ናፍታሊን የሚሠራው ሣጥኑ በጥብቅ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ሕፃን ቢውጠው መርዝ ስለ ሆነ እጅ የማይደርስበት ይሁን።

አራተኛ፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ለልብስም ሆነ ለእህል፣ ፈጽሞ አይግባ። ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጭስ ያወጣል፤ ይህም በእንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው ይገድላል። ይህን ትእዛዝ ሹማምንት በገበያ ቀንና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደጋግመው ማሰማት ይገባቸዋል።

አምስተኛ፤ በመጋዘን ወይም በቤት ብዙ ጥፋት ሲታይ፣ ሠራተኛው ተባዩን ከነትሉና ከነድሩ በታጠፈ ደረቅ ወረቀት ያኑር፤ የተገኘበትን ቀበሌ፣ ቀኑን፣ የቦታውን ከፍታና ተባዩ ይበላ የነበረውን ነገር ይጻፍበት፤ ለሚቀርበውም የእርሻ ምርምር ማዕከል ይላክ። ቅርፊቱ የተራገፈ ብል ስሙን ለማወቅ ስለሚያስቸግር በጣት አይዳሰስ።

ድር ያለበት፣ ከረጢት የሚጎትት፣ ዋሻ የሚሠራና ጠጉራም ትል፤ እነዚህን አራቱን ለይቶ ያወቀ ሠራተኛ ማጉያ መነጽር ባይኖረው እንኳ በአንድ ሣጥን ፊት ቆሞ ትክክለኛውን ምክር መስጠት ይችላል። የባላገሩ ባና ከብል፣ ቤተ ሰቡም ከመርዝ የሚድነው በዚህ ዕውቀት ነው።