አዲስ የፍሬን ሸራ፦ አመራረጡና ማለማመዱ

ዲስክ ፍሬን ባለው አነስተኛ ሞተር ሳይክል ላይ አሽከርካሪው የፍሬኑን እጀታ ሲጨብጥ፣ የፍሬን ዘይቱ ግፊት ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሁለቱን ሸራዎች በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ይጫናቸዋል። በሸራውና በዲስኩ መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል።

የዚህን ሙቀት መጠን ለመገመት አንድ ሞተር ሳይክል ከነአሽከርካሪው 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 16.7 ሜትር ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 28,000 ጁል ያህል ነው። ይህም አንድ ስኒ ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ይበቃል። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ ከዚህ ጉልበት አብዛኛውን የሚቀበለው የፊተኛው ፍሬን ነው።

የሸራ ዓይነቶች

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሸራዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ቃጫና ሌሎች ቁሶች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ይህ ዓይነት ዲስኩን እምብዛም አይጎዳም፤ በቀዝቃዛነቱም በሚገባ ይይዛል። ሆኖም ከመጠን በላይ ሲግል ሙጫው ጋዝ ስለሚያወጣ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለተኛው የብረታ ብረት ዱቄት በግፊትና በሙቀት ተጋግሮ የሚሠራ ነው። ሙቀትን፣ ጭቃንና ዝናብን በተሻለ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ለእርሱ ያልተሠራን ዲስክ ቶሎ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ የአምራቹን መመሪያ መከተል ይገባል።

በአንዳንድ ሸራዎች ጀርባ ላይ እንደ «ኤፍኤፍ»፣ «ጂጂ» ወይም «ኤችኤች» ያሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ። የመጀመሪያው ፊደል በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት የሚኖረውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል። የሰበቃ ኃይሉ ሸራውን ለሚጫነው ኃይል ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ለ«ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ ለ«ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55፣ ለ«ኤች» ደግሞ ከ0.55 በላይ ነው። ፊደሉ ስለ ሰበቃ እንጂ ስለ ሸራው ዕድሜ አይናገርም።

በሚገጠምበት ጊዜ

የዲስኩ ውፍረት በላዩ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ በታች አለመሆኑ ይረጋገጥ። ብናኙ ለጤና ጎጂ ስለሆነ በአፍ እፍ አይባልም። ሸራው ቅባት አይንካው። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲመለስ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት ከፍ ስለሚል እንዳይፈስ ይጠበቅ፤ ቀለም ያበላሻልና። ከሁሉም በላይ፣ ከመንቀሳቀስ በፊት እጀታው እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መጨበጥ ያስፈልጋል። ይህ ከተዘነጋ የመጀመሪያው የፍሬን ጭብጥ ባዶ ይሆናል።

ማለማመድ ለምን?

አዲስ ሸራ ዲስኩን የሚነካው በጥቂት ከፍ ያሉ ነጥቦች ብቻ ነው። ገጹ ከዲስኩ ጋር ሲስተካከልና ስስ የሸራ ሽፋን በዲስኩ ላይ ሲጋባ ነው ሙሉ ሰበቃ የሚገኘው። ጥሩ ፍሬን ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ሳይሆን ሸራውና ዲስኩ አብረው የሚሠሩት ነው።

ልዩነቱን በርቀት እንመልከተው። ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሴኮንድ ካሬ 6 ሜትር እየቀነሰ የሚቆም ሞተር ሳይክል 23 ሜትር ይበቃዋል። ፍሬኑ ደክሞ 4 ሜትር ብቻ የሚቀንስ ከሆነ ግን 35 ሜትር ያስፈልገዋል። በመካከል ያለው 12 ሜትር መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ሊቆምበት የሚችል ስፍራ ነው።

አምራቹ የተለየ መመሪያ ካልሰጠ፣ ተሽከርካሪ በማይበዛበት ደረቅና ሜዳማ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነትን በመጠነኛ ጭብጥ መቀነስ፤ ከዚያ ሸራው እንዲቀዘቅዝ ጥቂት መጓዝ፤ ይህንንም ስምንት ወይም አሥር ጊዜ መደጋገም ነው። በመካከሉ ፍጹም ቆሞ ፍሬን ይዞ መቆየት አይገባም፤ የጋለው ሸራ በዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ መንቀጥቀጥ ያስከትላልና። ሸራውን በስሱ እያስነኩ ረጅም መንገድ መሄድም ገጹን እንደ መስታወት ያለሰልሰዋል።

ለረጅም ቁልቁለትም አዲስ ሸራ ገና ዝግጁ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያው 200 ኪሎ ግራም 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 70 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ከፊሉን አየርና ሞተሩ እንዲሸከሙት በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል።

ለመልመጃ፦ ፍጥነቱ ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ቢያድግ ፍሬኑ የሚቀበለው ጉልበት በስንት እጥፍ ይጨምራል?