የመስሚያ መሣሪያ ሲያፏጭ ምን እናድርግ?

ብዙ አረጋውያን በስንት ድካም ያገኙትን የመስሚያ መሣሪያ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡበት አንዱ ምክንያት ፉጨቱ ነው። ፉጨቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ አለው።

ፉጨቱ ከየት ይመጣል?

በስብሰባ ላይ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚሰማውን ጩኸት ሁላችንም እናውቀዋለን። በጆሮም የሚሆነው ይኸው ነው። መሣሪያው አጉልቶ ወደ ጆሮ ያስገባው ድምፅ በክፍተት ሾልኮ ይወጣና ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ እንደገና ይጎላል፤ ፉጨትም ይሆናል።

ዋና ዋና ምክንያቶችና መፍትሔዎቻቸው

1. መሰኪያው በትክክል አለመግባቱ፦ አውጥቶ እንደገና ማስገባት ነው። ለውዱእ መሣሪያውን የሚያወልቁ ሰዎች ጆሯቸውን አድርቀው፣ መሰኪያው እስከ ውስጥ መግባቱን በጣታቸው ያረጋግጡ።

2. የጆሮ ኩክ፦ ኩክ ቀዳዳውን ሲዘጋ ድምፁ ወደ ውጭ ይመለሳል። በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ መጎርጎር ኩኩን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ስለዚህ በጤና ባለሙያ ይጠረግ።

3. የመሰኪያው መላላት፦ የሕፃናት ጆሮ ቶሎ ስለሚያድግ መሰኪያው በየጥቂት ወሩ መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል።

4. የቱቦ መሰንጠቅ፦ ከጆሮ ጀርባ በሚንጠለጠሉ መሣሪያዎች ላይ ቱቦው ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ በአዲስ ይቀየር።

5. ሒጃብ፣ ኮፍያና ስልክ፦ ማይክሮፎኑን ሲሸፍኑት ሾልኮ የወጣውን ድምፅ መልሰው ይልኩበታል። ሒጃብ በጆሮ አካባቢ ላላ ብሎ፣ ከስስ ጨርቅ ቢሆን ይመረጣል። ስልክንም ከጆሮ ትንሽ ራቅ አድርጎ መያዝ ይረዳል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

መሣሪያውን አውልቀው ድምፁ የሚወጣበትን የመሰኪያ ቀዳዳ በጣትዎ ይድፈኑ። ፉጨቱ ከቆመ ችግሩ ያለው በመሰኪያው አገጣጠም ወይም በኩክ ሊሆን ይችላል። ካልቆመ ቱቦው ወይም መሣሪያው ራሱ ተበላሽቷልና ለባለሙያ ያሳዩት።

ጥንቃቄ

ፉጨቱን ለማስቆም ድምፁን መቀነስ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ድምፁ ሲቀነስ እንደ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ይጠፋሉ። ቋንቋ በመማር ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ያልሰማውን ድምፅ አጥርቶ መናገር ይቸግረዋል። በዲጂታል መሣሪያዎች ላይ ፉጨትን የሚያጠፋ ክፍል ስላለ ባለሙያው እንዲያስተካክለው ይጠይቁ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ካለዎት፣ ዛሬውኑ አውጥተው ይፈትሹት።